መቆለፊያ ያለው የልጅ ጠረጴዛ

ጥር 4፣ እሑድ

ጠዋት የወጥ ቤቱን ቧንቧ አጠበቅኩ። ልብስም አጠብኩ፤ የባለቤቴን ነጭ ሸሚዝ ከቀይ ካልሲ ጋር... አሁን ሮዝ ሸሚዝ አላት። "ሮዝ ያምርብሻል" ብዬ ነው የተረፍኩት።

ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ ልጅ፣ ትንሿ፣ ከአባቷ ቤት ተመለሰች። አባቷ በር ድረስ አድርሷት፣ ሰላም ተባብለን ሄደ። ጨዋ ሰው ነው፤ ልጥላውም አልመች ብሎኛል። ትንሿ ሻንጣዋን ራሷ ጎትታ አስገባችና እንደ ወትሮው ከበሩ ኋላ አቆመችው። እኔም እንደ ወትሮው ተደናቀፍኩበት።

እናትና ልጅ እኔ ቤት ከገቡ ክረምቱ አልፎ በጋ መጣ። የትንሿ ልብስ ቁም ሳጥን ገብቷል። አሻንጉሊቶቿ ግን አንድም ቀን ከሻንጣው ውጭ አላደሩም። ድቡ፣ የጨርቅ ጥንቸሏ፣ ጎማ የጎደለው መኪና... ትጫወትባቸዋለች፤ ከዚያ አንድ በአንድ መልሳ ዚፑን ትዘጋለች። አባቷ ጋ ስትሄድ ሁሉም አብረዋት ይሄዳሉ። እንግዳ እንኳ የጥርስ ብሩሽ ይረሳል። ይቺ የሰባት ዓመት ልጅ ምንም አትረሳም።

"ጊዜ ስጣት" ትለኛለች እናቷ። ሰጠሁ። ግን ያንን ሻንጣ ባየሁ ቁጥር ነገ ጥለውኝ የሚሄዱ ይመስለኛል። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

አናጢ አይደለሁ እንዴ? ማስቀመጫ ያለው የመጫወቻ ጠረጴዛ ልሥራላት። ቦታ ካገኙ ያድሩ ይሆናል...

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ለሚስማር ነገርኩት። አብሮኝ የሚሠራው ነው። ስሙ የወጣለት ቀጭን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የማይገባበት ስለሌለ ነው። ሁለታችንም ዕድሜ ልካችንን የሱቅ ዕቃ ነው የሠራነው። መደርደሪያ፣ ባንኮኒ፣ የገንዘብ መሳቢያ።

"ለልጅ ሠርተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እኔ አራት ወልጃለሁ፤ ስማኝ። ጠርዙን ሁሉ አለስልሰው። ልጅ በግንባሩ ሳይመታው ጠረጴዛ መሆኑን አያምንም።"

ከመድኃኒት ቤቱ ሥራ የተረፈ ጥሩ ጣውላ አለ። እሱን ይዤ ገባሁ።

ጥር 9፣ ዓርብ

እራት ላይ ጠየቅኳት።

"ጠረጴዛ ልሠራልሽ ነው። ምን ቀለም ይሁን?"

"ምንም።"

"መሳቢያውስ?"

"ምንም።"

"ትልቅ ይሁን ትንሽ?"

ትከሻዋን ነቀነቀች። ሳህን ሳነሳ ባለቤቴ ጠጋ ብላ፣ "አይክፋህ፤ እኔም መጀመሪያ ስትጠይቀኝ 'ምንም' ነበር የምልህ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ያኔም እንዳልሰማ ሆኜ ቀጠልኩ።

ጥር 12፣ ሰኞ

ከሥራ መልስ ጓሮ ውስጥ ጣውላ ስልግ ነበር። የመስኮቱ መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። ቀና ስል ተዘጋ። ጎንበስ ስል ተከፈተ። እኔም አውቄ ብዙ ጎንበስ አልኩ፤ ወገቤ ይመስክር።

ጥር 15፣ ሐሙስ

መሳቢያዎቹ በኮላ ተጣብቀው ዋሉ። እኔም በሐሳብ። እምቢ ብትልስ?

ጥር 18፣ እሑድ

ጉድ ሆንኩ።

ሚስማር በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ይዘን አስገባነው። ቫርኒሹ ያብረቀርቃል። ጠርዙ ለስላሳ። ከሥር ሦስት መሳቢያ። ከላይ ኳስ ተንከባልሎ እንዳይወድቅ ዙሪያው በቀጭን ጣውላ ታጥሯል። ክፍሏ መሃል አቆምነው። ባለቤቴ አየችው። አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ግድግዳ ተደግፋ መሳቅ ጀመረች።

"ምነው?"

"የኔ ጌታ፣ ይሄ እኮ ባንኮኒ ነው።"

አየሁት። ባንኮኒ ነው። ሜትር አልዘረጋሁ፣ ልጅቷን አልለካሁ፤ እጄ የለመደውን ቁመት ሠርቶታል። ይባስ ብሎ የላይኛው መሳቢያ ላይ መቆለፊያ ገጥሜያለሁ። መቼ እንደገጠምኩት እንኳ አላስታውስም። የላይኛውን መሳቢያ ያለ መቆለፊያ ሠርቼ አላውቅማ። ሚስማር "እኔ እኮ የታዘዘው እንደዚያ መስሎኝ" ብሎ ሹልክ አለ። ሲሸከመው አላየውም መሰለኝ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያኔ ትንሿ ገባች። ዞራ ከጠረጴዛው ኋላ ቆመች። ግንባሯና ዓይኖቿ ብቻ ነበር የሚታዩት። ትንሽ አየችኝና፣

"ምን ልስጥዎት?" አለች።

ምን ልበል? "ስኳር አለሽ?"

"አልቋል።"

"ሳሙናስ?"

"ነገ ይመጣል። ከኋላዎ ሰው አለ፤ ጠጋ ይበሉ።"

የሰፈራችን ባለሱቅ ቁርጥ! ሳቄን ዋጥኩት። እዚህ ቤት ከገባች በአንድ ጊዜ ይህን ያህል አውርታኝ አታውቅም።

ጥር 19፣ ሰኞ

እግሮቹን ቆረጥኩ። ዛሬ ግን ለካሁ። ትንሿ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ክንዷን አጠፈች። "እስከ ክርኔ ነው፣ ጋሼ። ከዚህ ካለፈ ሱቅ ይሆናል።" ደግማ ነገረችኝ፤ አላመነችኝም።

መቆለፊያውን ልነቅለው መፍቻ ሳነሳ እጄን ያዘችኝ።

"ተወው።"

"ለምን?"

"ተወው።"

ቁልፉን ሰጠኋት። ክር አስገብታ አንገቷ ላይ አጠለቀችው።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ከታች ባሉት መሳቢያዎች የቀለም እርሳስ፣ ጠጠርና ስፈልገው የሰነበትኩት ሜትሬ ገብተዋል። ድቡና ጥንቸሏ ግን ቀን ጠረጴዛው ላይ ውለው ማታ ወደ ሻንጣ። ሚስማር "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለኝ። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኔ ምርኩዝ ልይዝ ነው።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

አባቷ መጥቶ ወሰዳት። ሻንጣው ሞልቶ ሄደ። ተቀየምኩ። በሰባት ዓመት ልጅ መቀየም ያሳፍራል፤ ግን ተቀየምኩ።

ጠረጴዛውን ልወለውል ብዬ የላይኛውን መሳቢያ ሳብኩ። አልከፈት አለ። ተቆልፏል። ባዶ መሳቢያ ማን ይቆልፋል? ባለቤቴን ጠራኋት። ጠረጴዛውን ቀስ አድርገን ነቀነቅነው። ውስጡ የሚንከባለል ነገር አለ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጆሯችንን መሳቢያ ላይ ለጥፈን... ሰው ቢያየን ምን ይላል?

"መኪናው ነው" አለች ባለቤቴ። "ጎማ የጎደለው።"

አንድ ትታ ሄዳለች። ከቅድም ጀምሮ እያፏጨሁ ነው።

ጥር 28፣ ረቡዕ

"ጋሼ፣ መሳቢያው ያለቅሳል።"

ጎንና ጎኑን ሻማ ቀባሁት። ሳብ መለስ አድርጋ ሞከረችው። "ዝም አለ" ብላ ወደ ጨዋታዋ ዞረች። አመሰግናለሁ የለ፣ ምን የለ። ልክ እንደ ቤተሰብ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ትምህርት ቤት ለእረፍት ተዘጋ። እረፍቱን በሙሉ አባቷ ጋ ልትሆን ነው። ጠዋት ክፍሏን ዘግታ ብዙ ቆየች። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ የዚፑን ድምፅ ስጠብቅ ነበር። የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ወጣች። ላግዛት ብዬ ሻንጣውን ሳነሳው ቀለለኝ። ሁለት ቀሚስና አንድ ሹራብ ቢሆን ነው።

"ድብሽን ረሳሽው" አለቻት እናቷ።

"አልረሳሁትም።"

ወደ እኔ መጣች። "ጎንበስ በል" አለችኝ። ክሩን ከራሷ አንገት አውልቃ እኔ አንገት ላይ አጠለቀችው።

"አደራ፣ ጋሼ። እንዳትከፍተው።"

"አልከፍተውም።"

"እማዬም እንዳትከፍተው።"

"እኔ እያለሁ?"

አባቷ ከመኪናው ሆኖ አየን። እጄን አነሳሁለት፤ እሱም አነሳልኝ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ሚስማር ክሩን አይቶ "ካዝና ጠባቂ ሆንክ እንዴ?" አለኝ። ሆኛለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ እናስጠጋው አለች። እምቢ አልኩ። የጠረጴዛው ባለቤት በሌለችበት?

ከሥራ እንደተመለስኩ ስልክ ተደወለ። ትንሿ ናት። ከእናቷ ጋር አወራችና "ጋሼን ስጪኝ" አለች። በስልክ ፈልጋኝ አታውቅም። እጄን በሱሪዬ ጠረግኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

"ጋሼ፣ ድቡ ምን እያደረገ ነው?"

"እኔ በምን አውቃለሁ? ተቆልፎበታል።"

"ትንሽ እንኳ አላየህም?"

"አላየሁም።"

ስትተነፍስ ይሰማኛል።

"ጎበዝ" አለችኝ። "ቤት ስመጣ አብረን እንከፍተዋለን።"

ቤት ስመጣ...

ስልኩን ለእናቷ ሰጥቼ ጓሮ ወጣሁ። የምልገው ጣውላ አለ ብዬ። ምንም ጣውላ አልነበረም።