ደረጃ የሌለው ማማ

አሰላሙ ዓለይኩም እህቴ ሬሕማ። ከካርቱም የላክሁት ሰላምታ ኮምቦልቻ ከነልጆችሽ በጤና ያግኝሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ እኔና ልጄ ሉጥፊያ ሐፍላ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍረን ከካርቱም ወጣ ወዳለች ትንሽ ከተማ ሄድን። በእንግሊዞች ጊዜ የተተከለ መናፈሻ አላት፤ መሐሉ ላይ ማማ ቆሟል። ለዊልቸር እንዲመች ብለው በደረጃ ፋንታ እየዞረ የሚያወጣ መንገድ ሠርተውለታል። ሉጥፊያን እዚህ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር በተደረገው ሰልፍ ጥይት ከመታት ወዲህ ፎቅ ባጋጠመን ቁጥር አዝያት ነበር የምወጣው። ያን ቀን ግን “አትንካኝ አባባ” አለችና ጎማውን በእጇ እየገፋች ጥላኝ ሄደች።

እኔ መንገድ ላይ የመናፈሻውን ታሪክ የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ሰሌዳዎች ስላየሁ ሦስት ጊዜ ቆሜ አነበብኩ። እሷ ከላይ ሆና፣ “ያላ አባባ! እንግሊዝኛ ከመቼ ወዲህ ነው የቻልከው? ና ጭኔ ላይ ተቀመጥና ልግፋህ!” ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀችብኝ። የመናፈሻው ጠባቂ ፊቴን አይቶ ሳልጠይቀው ውሃ አመጣልኝ።

ጫፉ ላይ ዓባይን እያየች ስትፈነጥዝ ራሴን ጠየቅሁ፤ እስከ ዛሬ ያዘልኳት ለእሷ ብዬ ነው ወይስ ለኩራቴ? አላህ ይወቀው።

ለዓረፋ ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ ከዓረፋ ግን አይለፍ። እኔ በሌለሁበት ዊልቸሩን ስታጥፊ መጀመሪያ ፍሬኑን ያዢ፤ ከዚያ የመቀመጫውን መሐል ወደ ላይ ሳቢው። ቀላል ነው፣ ትችዪዋለሽ። ሉጥፊያ ስታኮርፍ ደግሞ አታባብያት፤ ቆይታ ራሷ ትስቃለች።

አላህ ደጅሽን በሰላም ይጠብቅልኝ።

ወንድምሽ ኢሳ
ከካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር