ጫካው ውስጥ ስድስት ጊዜ ወርውሬ

ወንድሜ ሎምቤቦ፣ ሰላም ይብዛልህ። ጂንካ ላይ የልጄ የኤልሳቤጥ አማት አቶ ደምሰው እንደ ሳህን ያለ ዲስክ አስይዘው ጨዋታ አስገቡኝ። ዲስኩን ሰንሰለት ወደተንጠለጠለበት ቅርጫት መወርወር ነው፤ በጥቂት ውርወራ ያስገባ ያሸንፋል። እኛ ከተማ ሆሳዕና ቢሆን ሳህን የሚወረውር ሽማግሌ ይጸለይለታል።

የተሸነፈ እሁድ በጉባኤ ፊት ብቻውን ይዘምር ተባባልን። ድምፄን ታውቀዋለህ፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ከጎኔ ቆማ ትሸፍንልኝ ነበር።

ሜዳው ላይ ባሉት ቅርጫቶች ሰው ስለሚያየኝ በትክክል ቆጠርኩ። ጫካው ውስጥ ባለው ቅርጫት ግን ማንም ሳያየኝ ስድስት ጊዜ ወርውሬ፣ አቶ ደምሰው "በስንት አስገቡ?" ሲሉኝ "በአራት" አልኩ።

ወዲያው ከላይ "ስድስት ነው!" የሚል ድምፅ መጣ።

ባርኔጣዬን አውልቄ "ጌታ ሆይ ማረኝ፣ ስድስት ነው" አልኩ።

ቀና ብል ዛፍ ላይ የንብ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ነው። "አባባ፣ እኔስ ባልቆጠርኩ፤ አንዱ ቀፎዬን መትቶት ነው" አለኝ። አቶ ደምሰው ከሣቅ ብዛት ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

ሳስበው፣ ለካ ከእግዚአብሔር ይልቅ ሰው ስፈራ ኖሬያለሁ።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ቤተሰቡን ሁሉ ሳምልኝ። ካርዱ ሲደርስህ ዘምሬ ጨርሻለሁና ለእኔ ሳይሆን ለሰሙኝ ጸልይ።

ወንድምህ ሀንዲሶ