ሞተህም ቀድስ ተባልህ

የልጆቼ አባት፣ ከሄድህ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንደምን አለህ ብዬ ልጠይቅህ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ድምፅህን በየእሑዱ ስሰማ ከርሜ እንዴት ብዬ ልጠይቅህ? ከቁጣዬ ጋር ነው የምጽፍልህ፤ በሕይወት ሳለህ እንደምትታገሠኝ አሁንም ታገሠኝ።

ቤታችን ደኅና ነው። ልጆቹ ባሕር ዳር ከተማ ኑሯቸውን ይዘዋል፤ ከእኛ ጋር ኑሪ ቢሉኝ ከሐይቁ ዳር አልነሣም ብዬ ቀረሁ። የተከልኸው ጌሾ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገብቷል፤ ጎረቤትም እየቆረጠ ዝም ብሏል።

ደብራችን ግን ካንተ በኋላ ቀዘቀዘች። ወጣቱ በባጃጅ ከተማ እየሄደ ማስቀደስ ለመደ፤ እዚህ የቀረነው ጉልበታችን የደከመ ብቻ ሆንን። ይህን አይቶ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ አቶ ፈንታሁን ነው፤ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሚመራው ነገር አጥቶ ሲቅበዘበዝ ታውቀው የለ? ከተማ ሆቴል ገብቶ ሥልጠና ወሰደና "የምእመናን ተደራሽነት" እያለ ተመለሰ። ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲመጣ ማድረግ ነው አለኝ። ይህን ለማወቅ ሆቴል ማደር አስፈልጎታል።

መጀመሪያ በር አሠሩ፣ ሴራሚክ የለበሰ። ቀጥሎ የመኪና ማቆሚያ ያስፈልጋል ተባለና ከቅጥሩ ሥር ያለችውን የዲያቆናቱን ጎጆ አፈረሷት። ሦስቱም ዲያቆናት ጓዛቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥረው ተበተኑ። እስከ ዛሬ እዚያ የቆመው መኪና የአቶ ፈንታሁን ብቻ ነው።

ቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልተሟሉ እንደማይገባ እዚህ አገር የማያውቅ የለም። እነዚህ ግን አንተ በሌለህበት ዲያቆናቱን አባርረው፣ ከቄስ አባ ተገኘን ብቻቸውን አስቀርተው፣ ቅዳሴው ሲታጐል ደነገጡ። ደንግጠው ያመጡት መላ ደግሞ ድምፅ ማጉያ ሆነ። በመጨረሻው ዓመትህ የንግሥ ዕለት ስትቀድስ አንዱ በስልኩ ቀድቶህ ኖሯል። እሱን ፍላሽ ላይ ገልብጠው እሑድ እሑድ ጠዋት ይለቁት ጀመር።

የመጀመሪያው ቀን ፊቴን እየታጠብሁ ነበር። ድምፅህን ስሰማ ነጠላዬን በወጉ ሳላጣፋ ሮጥሁ። ደርሼ ያገኘሁት ጥበቃውን ብቻ ነው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። መሐል ላይ ያቺን ደረቅ ሳልህን ሳልህ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ እዚያው ቦታ ስትደርስ ትስላለህ። አልዋሽህም፣ ለዚያች ሳል ስል አንድ ሰሞን ችዬው ነበር።

ከዚያ አንድ እሑድ ከማዶ በታንኳ ሰዎች መጡ፤ አያት፣ እናት፣ የክርስትና እናት፣ ሰማንያ ቀን የሞላት ሕፃን ታቅፈው። ድምፅህ በውኃው ላይ ሲያልፍ እየሰሙ ደብሯ መቀደስ ጀመረች ብለው ነው። ነጭ በነጭ ለብሰዋል፣ እህል አልቀመሱም። ቤተ መቅደሱ ተዘግቶ ሲያዩ አያቲቱ ጥበቃውን ማን ነው የሚቀድሰው ብለው ጠየቁት።

"ፍላሽ ነው፣ እማማ" አላቸው።

ሴትዮዋ አልተቆጡም። ሕፃኗን ከእናቷ ተቀብለው ሸፈን አደረጓትና ወደ ታንኳው ተመለሱ። እኔ በእሳቸው ፈንታ አፈርሁ፣ ተናደድሁም። አንተ ሕፃን ሳታጠምቅ መልሰህ አታውቅም፤ በስምህ ግን መለሷት።

በማግሥቱ ኮሚቴው ከተሰበሰበበት ገባሁ። አቶ ፈንታሁን እንደ ታማሚ አባበለኝ፤ ድምፅ ሲሰማ ሰው ይመጣል፣ ለእርስዎም እኮ የባለቤትዎ መታሰቢያ ነው አለኝ። እኔም "ለሞተ ሰው ይጸለይለታል እንጂ ሰሞነኛ ቀዳሽ አይደረግም" አልሁት። አንገቱን ነቀነቀና ጉዳዩን በጥናት እንመልሳለን አለ። ጎጆ ለማፍረስ ጥናት አላስፈለገውም ነበር።

ጥናቱን አልጠበቅሁም። ወጥቼ ፍላሹን በገዛ እጄ ነቀልሁ። የልጆቹን ክፍል አጽድቼ ለዲያቆናቱ ማደሪያ አላችሁ ብዬ ላክሁባቸው። ሁለቱ ተመለሱ፤ ሦስተኛው ከቆላ ድባ የመጣ አዲስ ነው፣ ሲበላ አያሳፍርም። አባ ተገኘም ሰባታሚት ያሉ ወዳጃቸውን ቄስ ለምነው አመጡ። ለማዶዎቹም መልእክት ሰደድን።

ባለፈው እሑድ ተቀደሰ። እውነቱን ለመናገር ካንተ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ አባ ተገኘ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ አዲሱ ዲያቆን ዜማው ከፍ ሲል ይሸሸዋል። ሕፃኗ ግን ተጠመቀች፣ ቆረበችም። አቶ ፈንታሁን በሩ ላይ ቆሞ የዕቅዳችን ውጤት ነው እያለ እንግዳ ይቀበል ነበር። ተውሁት፤ ከእሱ ጋር ለመከራከር ደግሞ ሌላ ሥልጠና ሳያስፈልገኝ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። በፍላሹ ላይ ለሙታን የምትጸልየው አንተ ነበርህ። አንተው ቀዳሽ ሆነህ ለአንተ ማን ይጸልይ? በዚያ ሁሉ እሑድ ስምህን ያነሣ አልነበረም። ባለፈው እሑድ አባ ተገኘ የሙታን ጸሎት ላይ ሲደርሱ "ወልደ ማርያም" ብለው ስመ ክርስትናህን ጠሩ። ያን ጊዜ በእውነት መሞትህ ገባኝ፤ ከቀብርህ ቀን የበለጠ አለቀስሁ።

እግሬ እስከቻለ ድረስ በየቅዳሴው በሴቶቹ በኩል እቆማለሁ። አባ ተገኘ እያረጁ ነው፤ ስምህን የሳቱ ዕለት ጮክ ብዬ አስታውሳቸዋለሁ፣ የፈለገ ይታዘበኝ። አንተ አሁን ዕረፍ።