የተናኜ ጓሮ በእኔ እጅ

ሰኞ፣ መስከረም 12

ዛሬም አልዘነበም። ክረምቱ ወጣ መሰለኝ። ጠዋት ሻይ ጠጥቼ ወረድኩ። የባለቤቴን የተናኜን ጓሮ አረም ውጦታል። እሷ ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯ በጄሶ ታስሯል፤ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ታዛለች። ሐኪሙ ደረጃ መውረድ ከልክሏታል።

«ያንን ንቀለው!»

ነቀልኩት።

«እሱን አይደለም! እሱ ጦስኝ ነው!»

ሠላሳ አንድ ዓመት ኦሎምፒያ ሰፈር ባለ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ስሠራ አንድ ፋይል አልጠፋብኝም። ጦስኝና አረም መለየት ግን... መልሼ ተከልኩት። ይይዝ ይሆን?

ረቡዕ፣ መስከረም 14

ድንች አወጣሁ። አንዱን በመኮትኮቻው ለሁለት ከፈልኩት። ከላይ አይታኝ ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ገና ዛሬ ሰማሁ።

ቀቅለን በሚጥሚጣ በላነው። እንዴት ይጣፍጣል!

ዓርብ፣ መስከረም 16

አብዱልሐሚድን ደረጃ ላይ አገኘሁት። ባለሚኒባሱ፣ የሕንጻችን ኮሚቴ ሰብሳቢ።

«ጋሽ ካሳዬ፣ የፓርኪንጉ ነገር ሊያልቅ ነው። የእርስዎን ጨምሮ አስራ ሁለት ፊርማ አለን። ጥቅምት ዘጠኝ ስብሰባው ላይ ካለፈ ጓሮው የጋራ መሬት ስለሆነ ኮንክሪት እናፈስበታለን።»

አዎ፣ ፈርሜያለሁ። ሐምሌ ላይ ቪትዝ መኪናዬን ሩቅ አቁሜ በጭቃ ስመላለስ ተናድጄ ነው የፈረምኩት። ለተናኜ አልነገርኳትም። ያኔ ጓሮው ለእኔ ምን ነበር? ጭቃና ቅጠል።

አሁን ምን ብዬ ልንገራት?

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ነጭ ሽንኩርት ተከልኩ። «ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ! አታጠጋጋው!» እያለች። የጎመን ችግኝም ከቦሌ ሚካኤል አምጥቼ በመስመር አስገባሁ። ዝናቡ ስለቆመ ማጠጣት የእኔ ሥራ ሆኗል። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው... ልብስ ያለቀለቅንበትን አጠራቅማለሁ።

«ነጭ ሽንኩርቱን የካቲት ላይ እኔው ወርጄ እነቅለዋለሁ» አለች ደስ ብሏት።

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

ምሳ ላይ ነገርኳት።

«ፈርመሃል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«መቼ?»

«ሐምሌ።»

«ሐምሌ እኔ እዚያ ጎንበስ ብዬ ስኮተኩት አንተ እዚህ ቆመህ ታየኝ ነበር።»

ወንበሬን ወደ ውስጥ አስገባው አለችኝ። አስገባሁ። የበረንዳውን በር ዝጋው አለች። ዘጋሁት።

እሑድ፣ መስከረም 25

ብቻዬን ኮተኮትኩ። ማንም አልጮኸብኝም። ቀኑ አልገፋ አለኝ።

ሐሙስ፣ መስከረም 29

በየቤቱ ዞርኩ። ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ ለየቤቱ በሶብላና ሰላጣ ይዤ። አንዷ ሳቀችብኝ።

«እርስዎ ራስዎ ፈርመው የለም እንዴ?»

«ፈርሜያለሁ። ተሳስቻለሁ።»

ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ይቺን ቃል አፌ አልለመዳትም። አራተኛው ቤት ላይ ቀለለችኝ። የግቢው በር አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ጠጠር እናልብሰውና መኪና እዚያ ይቁም አልኳቸው። አካፋውን እኔ እይዛለሁ! አምስት ሰው ፊርማውን አነሳ። ይበቃ ይሆን?

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ስብሰባው ጓሮው ዳር ተደረገ፣ በፕላስቲክ ወንበር። አብዱልሐሚድ ቆጣ አለ።

«ጋሽ ካሳዬ፣ ልጆቼን የማሳድገው በዚያች መኪና ነው። ከዓይኔ ከራቀች እንቅልፍ አይወስደኝም።»

እውነቱን ነው። አልተከራከርኩትም። «ና፣ ከመስኮትህ እንየው» አልኩት። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣን፤ እኔ እያለከለክሁ። መጋረጃውን ገለጠ። የበሩ አጠገብ ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል! ረጅም ጊዜ አየው።

«አካፋውን ግን እውነት ይይዛሉ?»

«ወላሂ» አልኩት በእሱ አፍ። ሳቀ።

የጠጠሩ ሐሳብ በድምፅ ብልጫ አለፈ። ሰው ሊነሳ ሲል ከላይ የበረንዳው በር ሲከፈት ተሰማ።

«ካሳዬ! ጎመኑ ላይ ወንበር ያስቀመጠው ማነው?»

ጩኸት እንዲህ ደስ ሲለኝ...

እሑድ፣ ኅዳር 7

ጄሶው ከተፈታ አስር ቀን። ዛሬ በምርኩዝ ወረደች፤ አንድ እጇ ትከሻዬ ላይ። በየመደቡ እየቆመች አየች። አሁን ትጀምራለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ጥቅምት ላይ የዘራሁት ካሮት ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል፣ የእኔ ስህተት ነው።

ዱካ አመጣሁላት። ተቀመጠች። እጅጌዋን ሰበሰበች።

«እሺ፣ እኔ ምን ልሥራ?»

እኔን ነው የጠየቀችው! ዞር ብዬ ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለግሁ።

«ካሮቱን አሳሺው» አልኳት። «ደካማ ደካማውን ንቀይ። ቀስ ብለሽ፣ የጎኑ ሥር እንዳይነካ።»

«እሺ» አለች። ጎንበስ ብላ ጀመረች።