ክሩን ቀይር ብዬህ ነበር

መልካሙ ሆዴ፣

እንደምን አለህ አልልህም፤ ተናድጄብሃለሁ። ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትህን እዚሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ አወጣንልህ። ሰው ሁሉ አንተን ሲያመሰግን ዋለ፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ወጥ ስጨልፍ ዋልኩ።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ልጃችን ፊደል ለይታለች። እሑድ እሠራዋለሁ ያልከው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል። ዓመት ሙሉ ሐዘን ላይ ስለነበርን ጊታርህን የነካው ሰው የለም፤ ከግድግዳው ያወረድኩት ባለፈው ሳምንት ነው።

መቼም አትረሳውም፤ ሁዳዴ ሲገባ ትሰቅለዋለህ፣ ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲመጣ ድምፁ ታፍኖና እየተንኮሻኮሸ ታገኘዋለህ። ላብና አቧራ የጠጣ ክር ሁለት ወር ተሰቅሎ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? ክሩን ቀይር፣ የድምፅ ማዞሪያዎቹን አጽዳ ብዬ ለፈለፍኩ። አንተ ግን ጥፋቱ ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፁን የሚቀበለው ፒክአፕ ነው ብለህ ድርቅ አልክ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ብልህ፣ የሒሳብ አስተማሪ ስለ ጊታር ምን ታውቃለች ብለህ ሳቅክብኝ። አዲስ ፒክአፕ ከባሕር ዳር ላመጣ ነው ብለህ በጠዋት ተሳፈርክ። መኪናው ደብረ ታቦር ሳይደርስ ገደል ገባ።

አሁን የጊታሩን ቦርሳ ስፈትሽ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ያልተከፈተ አዲስ ክር! ለአዲሱ ፒክአፕ ብለህ ቆጥበኸው ኖሯል። ወዲያው ቀየርኩት። ማዞሪያዎቹን አልኮል ነካ አድርጌ ወዲያና ወዲህ አሽከረከርኳቸው። ያ የረገምከው ፒክአፕም ክሮቹን ሊነካ ደርሶ ነበር፤ በካቻቢቴ ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። እንዳጋጣሚ መብራት ነበር፤ ማጉያው ላይ ሰክቼ አንዴ መታሁት።

እንዴት ያምራል መሰለህ! ጥርት ያለ፣ መንኮሻኮሽ የሌለበት፣ በሠርጋችን ቀን የተጫወትክበት ድምፅ። ጊታሩን አልጋው ላይ ወርውሬ ጮኬ አለቀስኩ። ጎረቤቶች ሐዘኗ አገረሸባት ብለው እየሮጡ መጡ። ሐዘን አልነበረም፣ ንዴት ነው። ለአንድ ካቻቢቴ ሥራ ጥለኸን ሄድክ!

ነፍስህን ይማር፤ እኔ ግን ገና አልማርኩህም። እንደምረሳህም አትጠርጥር። ልጃችን ጣቶቿ ሲጠነክሩ ጊታሩን ትይዛለች፤ እኔም ፋሲካ በመጣ ቁጥር ክሩን እየቀየርኩ፣ እየተቆጣሁህ አስታውስሃለሁ። የፈለግከው ድምፅ እኮ እቤታችን ነበር፤ አንተም እቤትህ መሆን ነበረብህ።