ቀለም ስለሌለው ፍሳሽ

ቀን፦ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአካባቢ ጥበቃና ጽዳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የጌጣጌጥ ማጽጃ አሲድ በጋራ ቦያችን መደፋቱ እንዲቆም ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

እኔ አመልካች መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። የምኖረውም የምሠራውም በአንድ የጋራ ሕንፃ ምድር ቤት ሲሆን፣ ከበላዬ ያለው የብር ጌጥ ሠሪ ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁላችንም ጋሽ ብልጭታ እንለዋለን። ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። የባለቤቴን የጋብቻ ቀለበት የሠራው እሱ ነው፤ ቀለበቱም ጋብቻውም እስካሁን አልተሰበሩም።

1. ብር በእሳት ሲበየድ ይጠቁራል። ጥቁረቱን የሚያስለቅቀው ሙቅ አሲድ ነው። አሲዱ አዲስ ሳለ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው፤ ሲሠራበት ግን ከብሩ ጋር የተቀላቀለውን መዳብ እየበላ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊነቱ ሲበረታ ጉልበቱ ተዳክሟል ማለት ነውና ይደፋል። ጋሽ ብልጭታ የሚደፋው በግቢያችን ቦይ ነበር።

2. ቦዩ ሲደፈን መክደኛውን አንሥቶ በሽቦ የሚጠርገው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሰማያዊ ካየ ሽቦውን አስቀምጦ ወደ ላይ ይጮኻል፦ «አንተ ብልጭታ! ደግሞ ሰማይህን ደፋህብኝ?» ከላይም «ታገሥ እንጂ፣ አሁን ታልፋለች!» ይባላል። ብዙ ውኃ ይለቀቅበታል፤ ወንድሜም እስኪጠራ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። መልካም አሠራር ነበር አልልም። ሆኖም ወንድሜ ሁለት ዓይኑን ይዞ የሸበተበት አሠራር ነው።

3. ባለፈው ክረምት ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ተቆጣጣሪ መጥተው ሰማያዊውን ውኃ አዩ፤ ደነገጡም። መደንገጣቸው ተገቢ ነበር። «ከእንግዲህ እዚህ ሰማያዊ ፍሳሽ ቢታይ ሱቁ ይታሸጋል» ብለው ሄዱ። ስለ አሲድ ያነሡት ነገር አልነበረም። ጋሽ ብልጭታ ትእዛዝ አክባሪ ነው። የተከለከለው ቀለሙ ስለሆነ፣ አሲዱን ቀለም ሳይዝ፣ ማለትም ጉልበቱን ሳይጨርስ፣ ሱቁን ሲዘጋ መድፋት ጀመረ። ተቆጣጣሪው ሲመለሱ ቦዩን ኩልል ብሎ አገኙት። «ሲነግሩት የሚሰማ ሰው እንዲህ ነው!» ብለው እጁን ጨበጡት፤ ጉዳዩም ተዘጋ።

4. በዚያው ሰሞን ቦዩ ተደፈነ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ውኃው ንጹሕ ነው። ሽቦውን ሲስብ ድፍኑ በአንዴ ለቀቀና ፊቱን መታው። ወጥቼ ሳየው አይጮኽም ነበር። ዓይኑን ይዞ «ውኃ ነው እኮ፣ ውኃ ነው እኮ» እያለ ይከራከር ነበር። ደረጃውን በሩጫ ወርዶ በባልዲ ያጠበው ጋሽ ብልጭታ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ እንዳለ ሲተረት ሰምቻለሁ፤ እየጠራ የሚያሳውር ግን ለእኔ አዲስ ነው። አንዱ ዓይን ጠፍቷል። ስለ ሌላው ሐኪሙን ስንጠይቀው ስለ ትዕግሥት ያወራልናል። ወንድሜና ጋሽ ብልጭታ ከዚያ ወዲህ አይሰዳደቡም፤ ግቢው ጭር ብሏል።

5. ጋሽ ብልጭታን «ለምን ማቃጠሉን በሶዳ አታበርደውም?» ብዬው ነበር። «ሶዳ አሲዱን ቢያጠፋም በውስጡ ያለችውን ጥቂት መዳብ ሰማያዊ አድርጎ ያወጣታል። ልታሳሽገኝ ነው?» አለኝ። በትእዛዙ መሠረት የበረደው የተከለከለ፣ የሚያቃጥለው የተፈቀደ ነው።

6. ቦዩ ትናንት እንደገና ተደፍኗል። ነዋሪው በዚህ ሳምንት ካልከፈተው እንደሚቀጣ የሚገልጽ የመሥሪያ ቤትዎ ማስታወቂያ በራችን ላይ ተለጥፏል። የወንድሜ ባለቤትም «እሱ ሲሠራው የኖረውን እኔ ምን ያቅተኛል?» ብላ ሽቦውን ከግድግዳው አውርዳለች። እትዬ አንዴ ከተነሣች የሚመልሳት የለም። የመጽሐፍ መጫኛ ብረቴን አምጥቼ በቦዩ መክደኛ ላይ አስቀምጬበታለሁ፤ ሥራዬም በዚሁ ቆሟል። ብረቱ ከባድ ነው፤ እትዬ ግን ከብረቱ ትጠነክራለች።

ስለዚህ፦

ሀ. ያገለገለው አሲድ አፉ ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ በሶዳ እንዲበርድ፣ ከዚያም በቦይ ሳይደፋ ተጠራቅሞ በመሥሪያ ቤትዎ እንዲነሣ፤

ለ. እትዬ እጇን ሳትከት፣ መከላከያ የለበሰ ባለሙያ መጥቶ ቦዩን እንዲከፍትልን፤

ሐ. ሁለቱም ጊዜ የሚወስዱ ከሆነ፣ እስከዚያው ሰማያዊው እንዲፈቀድልን በትሕትና እጠይቃለሁ። እሱ ቢያንስ ይታይ ነበር።

መልስዎን ለወንድሜ የማነብለት እኔ ነኝ። የቀረው ዓይኑ እንደተሸፈነ ነው፤ ስለ ቀለም የሚነሣ ነገር ካለ ግን አሁንም ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
መጽሐፍ ጠራዡ፣ ከምድር ቤት