በአሮጌው ዲስክ የቀረው «ከ»

አስሜዬ፣ የኔ ጌታ፣

ተለይተኸኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሸሕዲ ያው ነው፣ ሙቀቱም ያው፣ እኔም ያው ነገረኛ ሚስትህ ነኝ። ጽሕፈት ቤታችንን አልዘጋሁም። ኮርኒስ አስገባሁበት፤ በሩ ላይ የተከልካት ኒም ጣሪያውን አልፋለች። ማመልከቻ የሚያጽፉ ሰዎች ተኒሟ ሥር ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ዛሬም «አስማማው ቤት» ነው የሚሉት፤ ቀኑን ሙሉ ስለፋ የምውለውን እኔን የሚጠራ የለም። እሺ፣ ይሁንልህ።

የምጽፍልህ ስለ ኮምፒውተርህ ነው። አቧራውና ሙቀቱ ሃርድ ዲስኩን ጨረሱት። ጠዋት አብርቼው፣ ቤቱን ጠርጌ፣ በሩ ላይ ውኃ ረጭቼ ስመለስ ገና እየተከፈተ ነው። ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ምስጋናውን ጠራሁት። አንተ አታውቀውም፤ ገበያው ዳር ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ወሬ የሚወድ፣ እጁ ግን የተባረከ ሰው ነው። ኤስ ኤስ ዲ የሚሉትን አዲሱን ዲስክ ከጎንደር አስመጣልኝ። እንደ ብስኩት ቀጭን ነው፤ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለውም። አሮጌው ስለደከመ ፋይሎቹን ብቻ እናውጣና ዊንዶውን እንደ አዲስ እንጫነው አለኝ። ደብዳቤዎቹ ተርፈውልኝ ሌላ ምን ፈልጌ፣ እሺ አልኩ።

ጉዱ የመጣው በማግስቱ ነው። አንድ መምህር የዝውውር ማመልከቻ አጻፈኝ። እንደ ልማዴ እየሮጥኩ ጻፍኩ፣ አተምኩ፣ ሰጠሁት። አነበበና ሳቁን መያዝ አቃተው። እትዬ፣ እኔ የማስተምረው ገለጉ ነው፣ ይሄ «ተገለጉ» የሚሉት አገር የት ነው ብሎኝ እርፍ! ወረቀቱን ተቀብዬ ባየው ተዚህ፣ ተዚያ፣ ተገለጉ፣ ተጎንደር፤ ገጹ ሙሉ የቡሬ አፌ ነው። ወይ ውርደት!

ትዝ ይልሃል፣ የተጋባን ሰሞን? በ«ከ» ፈንታ «ተ» በጻፍኩ ቁጥር ትስቅብኝ ነበር። አንቺ ጎጃሜ፣ እቤት እንደፈለግሽ አውሪ፣ ማመልከቻ ላይ ግን «ከ» በይ ትለኝ ነበር። አንድ ቀን አንጀቴ አረረና ኪቦርድህን እዚያው ብላው ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩህ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ስህተት አልተገኘብኝም። ጎበዝ፣ ተሻሻልሽ እኮ አልከኝ። እኔ ሞኟ አምኜ በሰው ፊት ስኮራ ኖርኩ።

ለካ አንተ ነህ! ምስጋናው ነው ያስረዳኝ። መጻፊያው ፕሮግራም ውስጥ፣ ይህ ቃል ሲጻፍ በዚያኛው ለውጠው ተብሎ የሚታዘዝበት ዝርዝር አለ፤ የኔን «ተ» ሁሉ ሳትነግረኝ በ«ከ» ያስለወጥከው በዚያ ነው። ዝርዝሩ ተደብዳቤዎቹ ጋር አልወጣም፤ አሮጌው ዲስክ ላይ ቀርቷል።

እንደ አዲስ መጫኑን ተወውና ያለውን ሁሉ፣ ዊንዶውንም ጭምር፣ እንዳለ ገልብጠህ አዛውርልኝ አልኩት። ዲስኩ መሐል ላይ ሊሞት ይችላል አለኝ። ይሞከር አልኩ። መብራት እንዳይሄድብን ተጎረቤት ጋራዥ ጄኔሬተር ተዋስን፣ ቬንቲሌተሩን ዲስኩ ላይ አዞርነው፣ ከጠዋት ጀምረን ቁጭ አልን። ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ጸጥ። አስሜ፣ በናትህ፣ ደግመህ አትሂድብኝ ብዬ ጮኽኩ። ምስጋናው ወሬውን ትቶ ቬንቲሌተሩን ይበልጥ አስጠጋለት። እግዜር ይስጠው፣ ዲስኩ ትንሽ አርፎ እንደገና ቀጠለ።

ኮምፒውተሩ በአዲሱ ዲስክ ሲነሣ፣ ወንበሬን ስቤ ሳልቀመጥ ተከፈተ። ተ፣ ዚ፣ ህ ብዬ ክፍት ቦታ የሚተወውን ረጅሙን ቁልፍ መታሁ። ዓይኔ እያየ «ከዚህ» ሆነ። ምስጋናው ፊት ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

በኋላ ዝርዝሩን ከፍቼ አነበብኩት። ተሸሕዲ፣ ተሽንፋ፣ ተመተማ፣ ተገለጉ፤ በየፊታቸው በ«ከ» የተጻፈው ትክክሉ። ባለጉዳይ በመጣበት አገር ልክ አንድ አንድ እያልክ ስትጨምር ኖረሃል። «ተቡሬ» እንኳ አልቀረችህም። ምነው አንድ ቀን ብትነግረኝ! መጀመሪያ እቆጣህ ነበር፣ ቀጥዬ ደግሞ እስምህ ነበር።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያው ኮምፒውተር ነው። እነ«ተዚህ»ን፣ እነ«ተገለጉ»ን ላሳይህ በየቃሉ ሦስት ጊዜ ታገልኩ፤ አንተ እየመለስክ ታርምብኛለህ፣ እኔ መልሼ አጠፋብሃለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ «ከ» ያየህበት ሁሉ አንተ ነህ። እሑድ ተመቃብርህ ስመለስ እግሬ ቤት ቤት አላለኝም። ይኸው፣ «ተመቃብርህ» ብዬ ጻፍኩ፣ ዝም አለኝ። ይህቺን አላሰብካትም ነበር። ራሴ ልጨምራት ዝርዝሩን ከፍቼ እጄ እምቢ አለኝ፤ እንዳለች ትቀመጥ።

ትክክሉን አሁን አውቀዋለሁ፣ አስሜ፤ ያለ ማንም እርዳታ «ከ» ማለት እችላለሁ። ግን በሕይወት እስካለሁ፣ አንተን እንዳልረሳ፣ በየማመልከቻው «ተ» ብዬ እጽፋለሁ። አንተ አርመኝ።

ያንተው ትርንጎ